በገበሬ ቤት ያለች ሴት ሥራ በቈጠራ መዝገብ እንዴት እንደሚጻፍ

ማንኛውም ቈጠራ የሚቈጥረው ለተነሣበት ጉዳይ የሚያስፈልገውን ነው። በኦሪት ዘኍልቍ እንደሚገኘው ሙሴ በሲና ምድረ በዳ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ በመዝገብ የገቡት ዕድሜያቸው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፥ ለሰልፍ የሚወጡ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ይህም ቈጠራው ለጦር ስለ ነበረ እንጂ በሰፈሩ ሴት ስላልነበረ አይደለም። በኢትዮጵያም የጥንቱ ግብር ተቀባይ መሬቱን በጋሻ፥ በሬውን በጥማድ፥ እህሉን በቍና ሲቈጥር የኖረው ግብር የሚወጣበትን ነገር ለማወቅ ነው። ስለዚህ አንድ መዝገብ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ነው ከማለት አስቀድሞ ለምን ጉዳይ ተቈጠረ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ጥያቄ ይልቁንም የሚያስፈልገው በሠራተኛ ቈጠራ ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ «ክፍያ የሌለው የቤተሰብ ሠራተኛ» የሚል አንድ ዓምድ፥ «የቤት እመቤት» የሚል ሌላ ዓምድ ይገኛል። የመጀመሪያው ዓምድ ሥራ ካላቸው ወገን ይደመራል፤ ሁለተኛው ሥራ ከሌላቸውና ሥራም ከማይፈልጉት ወገን ይደመራል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር እጅግ ቀጭን ነው። ነገር ግን በጣና ዳር ካሉት ቀበሌዎች ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ ዞን የሚወጣው የሠራተኛ ቍጥር በዚህ መስመር አቀማመጥ ብቻ ሊያድግም ሊያንስም ይችላል፤ ሰው ሳይወለድ፥ ሰው ሳይሞት።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት አንድ ገበሬ ከነሚስቱ አለ እንበል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ርብና ጕማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ ሩዙም አረም የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ሚስቲቱ ዶሮ ሳይጮኽ ትነሣለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ እሳት ታነዳለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ላም ታልባለች። ከዚያም ለደቦ የወጡትን ሰዎች ምሳ ተሸክማ ወደ እርሻው ትወርዳለች፤ ሰዎቹም በልተው ሲነሡ እርስዋ ደግሞ ጐንበስ ብላ እስከ ማታ ታርማለች። ስትመለስ ማገዶ ለቅማ ትገባለች። ሌሊቱም ገና ሳይጋመስ ጌሾ ትወቅጣለች፥ ጠላ ትጠነስሳለች፥ እንቅልፍ እስኪጥላትም ድረስ እንዝርት ትይዛለች። በማግሥቱ ቈጣሪው መጥቶ ባልዮውን «ባለቤትህ ሥራዋ ምንድን ነው» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ የታወቀ ነው፤ «ምን ሥራ አላት፤ ቤት ናት» ይለዋል። ቈጣሪውም «የቤት እመቤት» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ባልዮው ዋሸ አይባልም። በአማርኛ ልማድ ሥራ የሚባለው ይልቁንም በደጅ ያለው፥ ሞፈርና ቀንበር የሚያዝበት ወይም ደመወዝ የሚቈረጥበት ነው። ሚስቲቱም ራስዋ ብትጠየቅ ያንኑ ቃል ልትመልስ ትችላለች። ሆኖም ይኸው ቋንቋ በሌላ በኩል የተለየ ምስክርነት ይሰጣል። አንዲት ሴት ጠላዋ የጠራ፥ እንጀራዋ ዓይን ያለው፥ ፈትልዋም የቀጠነ ሲሆን ሰው ሁሉ «ባለሙያ ናት» ይላታል፤ ሙያ የላትም መባልም ታላቅ ነቀፋ ነው። እንግዲህ በአገሩ ሁሉ በባለሙያነት የተመሰከረላት ሴት «ሙያ» የሚል አርእስት ባለው የመዝገብ ዓምድ ሰረዝ ተሰርዞባት ትገኛለች። ገበሬ የሚለውም ቃል ቢመረመር በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ፥ አደረገ ማለት ነው፤ ግብርም ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ግብር ለመንግሥት የሚገባው ሆነና ሠራተኛው በከፋይነቱ ታወቀ፤ በከፋዮች መዝገብ ስምዋ ያልገባ ሴትም ገበሬ ሳትባል ቀረች ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህ ነገር የጥንቱ ባለጕልት ከዘመናዊው ቈጣሪ ይልቅ ጠንቃቃ ነበረ ለማለት ይቻላል። ከገባሩ ይፈልግ የነበረው ሁዳድ ማረስና አጥር ማጠር ብቻ አልነበረም፤ እህል ማስፈጨትም ከግዴታው አንዱ ነበረ፤ ያንንም እህል በድንጋይ ወፍጮ የምትፈጨው የገባሩ ሚስት እንደ ሆነች ባለጕልቱ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፈጽሞ ቀርቶአል። ነገር ግን ሊጠቀምባት የፈለገ ሰው ቈጥሮአት እንደ ነበረ ማስታወስ መልካም ነው።

በውጭ አገርም መስመሩ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወር የኖረ ነው። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች 1851 በተደረገው ቈጠራ የገበሬ፥ የባለሱቅ፥ የጫማ ሰፊ ሚስት ከባልዋ ጋር በአንድ ሥራ እንዳለች ሆና ተጽፋ ነበር፤ በ1881 ግን የቤት ሥራ የሚሠሩ ሚስቶች ሥራ ከሌላቸው ወገን ተደመሩ። የእንግሊዝ ሴቶች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሥራ አልፈቱም፤ የተለወጠው ዓምዱ ነው። በአሜሪካ በ1910 ለቈጣሪዎች የወጣው መመሪያ በቤተሰብዋ እርሻ ላይ ዘወትር የምትሠራ ሴት የእርሻ ሠራተኛ ተብላ እንድትጻፍ ስላዘዘ ቍጥሩ በድንገት ከፍ አለ። የሚቀጥለው ቈጠራ በ1920 ትእዛዙም ተለውጦ፥ ወሩም ከሚያዝያ ወደ ጥር ተዛውሮ በመደረጉ ቍጥሩ ተመልሶ ወረደ። በህንድም በ1961ና በ1971 ቈጠራዎች መካከል የሠራተኛ ሴቶች ቍጥር እጅግ ቀንሶ ተገኘ፤ ከምክንያቶቹ ዋናው በሁለተኛው ጊዜ ሰው አስቀድሞ የተጠየቀው «ዋና ሥራህ ምንድን ነው» ተብሎ መሆኑ ነው። እርሻ እየረዳች ቤት የምትይዝ ሴት ዋና ሥራዋን ስትጠየቅ ቤቴ ነው ብላ መመለስዋ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በፈረንጆች 1919 ከተቋቋመ በኋላ የሠራተኛ ቍጥር የሚሰበስቡ ዐዋቂዎች በጄኔቭ ከተማ እየተሰበሰቡ ስምምነት ያደርጉ ጀመር። የመጀመሪያው ጉባኤያቸው የተደረገው በ1923 ነው፤ ኢትዮጵያም ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበርና ወደ ሥራ ድርጅቱ የገባችው በዚሁ ዓመት ነው። ማኅበሩ ያቆማቸው የስታቲስቲክ ዐዋቂዎች በ1938 መስመሩን በግልጥ አሰመሩ፤ ይኸውም ሰዎች በገዛ ቤታቸው የሚሠሩት የቤት ሥራ በሥራ አይቈጠርም፥ የቤቱን አለቃ በሚተዳደርበት ሥራ ሲረዱት ግን ክፍያው በቀጥታ ባይደርሳቸውም እንኳ ይቈጠራል የሚል ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ በጠላት እጅ ነበረችና ስለ ጣና ዳር ሴት አንድ ቃል የሚናገር አልነበረም። በዚያ ውሳኔ ብትታይ የፎገራይቱ ሴት አረምዋ ይቈጠርላታል፤ የቀረው ሁሉ ይቀርባታል።

በ1954 በተደረገው ስምንተኛው የስታቲስቲክ ዐዋቂዎች ጉባኤ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ክፍያ የሌለው የቤተሰብ ሠራተኛ ሥራ እንዳለው የሚቈጠረው ከተለመደው የሥራ ጊዜ ቢያንስ ሢሶውን የሠራ እንደ ሆነ ነው ተባለ። የተለመደው ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ቢሆን ሢሶው 16 ሰዓት ነው። አሥራ አምስት ሰዓት ያረመች ሴት ሥራ የላትም፤ አሥራ ስድስት ሰዓት ያረመች ሥራ አላት። የእርሻው ባለቤት የተባለው ባልዋ ግን በዚያው ሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ቢገኝ እንኳ ሥራ እንዳለው ይቈጠር ነበር፤ ሢሶው የተጣለው በረዳቱ ላይ ብቻ ነውና። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ፍርድ ጐደለ ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ ክርክሩ ከንቱ አይደለም።

በ1970 ኤስተር ቦዝረፕ የተባለች የዴንማርክ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ በአፍሪካና በእስያ እርሻ ውስጥ የሴቶች ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ ካሳተመች በኋላ ነገሩ በብዙ አገር ተመረመረ። ቀንበር ባለበት አገር ወንድ ያርሳል፥ ዶማ ባለበት አገር ሴት ትቈፍራለች የሚለው አከፋፈልዋ ለጣና ዳር በሙሉ ልክ የሚገጥም አይደለም፤ በዚህ ቀንበሩን የሚይዘው ወንድ ቢሆንም አረሙ፥ ጕልጓሎው፥ አውድማ መለቅለቁ፥ ዘር መምረጡ፥ ጎታ መሥራቱ ያለ ሴት እጅ የማይሆን ነውና።

በ1982 የተደረገው ዐሥራ ሦስተኛው ጉባኤ የሢሶውን ነገር ሻረ፤ የቤተሰብ ሠራተኛ የሰዓቱ ብዛት ሳይታይ እንደ ሌላው ሠራተኛ ይቈጠር አለ። ለገዛ ቤት ፍጆታ የሚመረተውም የእርሻ ፍሬ ከሥራ ገባ። የመንግሥታት የሀብት ሒሳብ የሚጻፍበት የ1993 ሥርዐትም ይህንን አስፋፍቶ፥ ሰው ለራሱ ቤት የሚያዘጋጀው ዕቃ ሁሉ ከምርት ይቈጠር፥ ለራሱ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት ግን አይቈጠር ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ይህ ወደ ገበሬ ማጀት ሲገባ የሚያስከትለውን መመልከት ነው። እህል መውቃትና መፍጨት ምርት ነው፤ ከዱቄቱ እንጀራ መጋገር ምርት አይደለም። ጠላ መጥመቅ ምርት ነው፤ ወጥ መሥራት አይደለም። ወተት መናጥና ቅቤ ማውጣት ምርት ነው፤ ቅቤውን ለአራስ ማቅረብ አይደለም። ጥጥ መፍተልና ሰፌድ መስፋት ምርት ነው፤ ልብስ ማጠብ አይደለም፤ ሰፌዱን ይዞ እህል ማንፈስ ለቤት ወጥ ከሆነ አጠራጣሪ ነው። ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀምም በዚህ ሥርዐት ምርት ናቸው። ሴቲቱ ግን ከወፍጮው ወደ ምጣዱ ስትዞር ከሥራ ወደ ሥራ ፈትነት የተሻገረች አይመስላትም።

ለዚህ አከፋፈል የተሰጠው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ዕቃ ሊቀመጥና ሊሸጥ ይችላል፤ የቤት አገልግሎት ግን በተሠራበት ሰዓት ያልቃል፥ ዋጋውም በገበያ አይታወቅም። ደግሞም የቤት አገልግሎት ሁሉ ሥራ ተብሎ ቢቈጠር ለዐቅመ ሥራ የደረሰ ሰው ሁሉ ባለሥራ ይሆንና ሥራ ያጣውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም ብለዋል። ነገር ግን አርተር ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ገና በ1920 የዚህን አከፋፈል ጉድለት አሳይቶ ነበር፤ አንድ ሰው ደመወዝ ይከፍላት የነበረችውን የቤት ሠራተኛ ቢያገባት ሥራዋ ሳይለወጥ የአገሩ ሀብት በሒሳብ ይቀንሳል ብሎ። ይህ በአማራ አገር ተረት አይደለም። በጥንት ልማድ የደመወዝ ጋብቻ የሚባል ነበረ፤ ሴቲቱ ለተወሰነ ጊዜ በተቈረጠ ደመወዝ ከሰውዬው ጋር ትቀመጣለች፥ ቤቱንም ትይዛለች። በደመወዝ ጋብቻ ያለችውና በሰማንያ ያለችው ሁለት ጐረቤታሞች ያንኑ እንጀራ ሲጋግሩ የአንደኛይቱ ጋገራ ዋጋ ሲኖረው የሁለተኛይቱ ዋጋ አልነበረውም።

በኢትዮጵያ መላው ሕዝብ የተቈጠረው ሦስት ጊዜ ነው፤ በግንቦት 1976፥ በጥቅምት 1987ና በግንቦት 1999 ዓ.ም.። ከነዚህ ሌላ የሥራ ኀይል ጥናት የተባለው በ1991፥ በ1997፥ በ2005ና በ2013 ዓ.ም. ተደርጎአል። በ1991 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ሥራ አለው የተባለው በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ አራት ሰዓት የሠራ ሰው ነው። ለገዛ ቤት የሚመረተው እህል ከአምራች ሥራ ገብቶአል፤ ምግብ ማዘጋጀት፥ ቤት ማጽዳት፥ ልጅ ማሳደግ፥ ለራስ ቤት ማገዶ መልቀም ግን ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ ማገዶ በጄኔቭና በኒውዮርክ መጻሕፍት ከሥራ ሲቈጠር በዚህ ጥናት አልተቈጠረም፤ የሁለቱን ቍጥር ጐን ለጐን የሚያነብ ሹም ይህን ሳያውቅ ቢፈርድ ይሳሳታል። ክፍያ በሌለው የቤተሰብ ሠራተኛ ዓምድም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዝተው መገኘታቸው በየጥናቱ የታየ ነው።

ከትርጓሜው ያላነሰ ጕዳት የሚያደርሰው ወቅቱ ነው። በመጋቢት ወር በደምቢያ ወይም በደራ «ባለፉት ሰባት ቀኖች በእርሻ ላይ ሠርተሻል ወይ» የተባለች ሴት የለም ብትል እውነትዋን ነው፤ አዝመራው ገብቶአል፥ አረሙም ገና አልመጣም። ያችው ሴት በነሐሴ ብትጠየቅ ከሰዓት ብዛት የተነሣ ቈጥራ አትጨርሰውም። የ1991ና የ1997 ዓ.ም. ጥናቶች የተደረጉት በመጋቢት ሲሆን የ2005ቱ በሰኔ ነው። በሰኔ ገበሬው ለዘር ይሯሯጣል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ ምን ያህሉ ከሕዝቡ ኑሮ፥ ምን ያህሉ ከወሩ እንደ መጣ መለየት ያስፈልጋል።

በቀንበር ምክንያት ብቻ ገበሬነትን ለወንድ የሚሰጥ ሰው ወደ ዘጌ ቢሻገር መልስ ያጣል። በዘጌ ከጥንት ጀምሮ በበሬ ማረስ ያልተለመደ ነው፤ ይህም ከገዳማቱ ሥርዐት ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ የሚተዳደረው በዱሩ ውስጥ ከሚበቅለው ቡና፥ በጌሾና በሎሚ ነው። ቡናውን ከሚለቅሙት፥ ከሚያሰጡትና ከሚሸከሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ጌሾውም ተቀንጥሶና ደርቆ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይወርዳል። ሞፈር በሌለበት በዚህ ምድር ባልየው «ገበሬ»፥ ሚስቲቱ «ረዳት» ተብለው ቢጻፉ ለያዥው ጸሓፊ ከልማድ በቀር የሚያቀርበው ምክንያት የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ሹማምንትን የሚያስቸግረው ግን የመሬት ይዞታ መዝገብና የሠራተኛ መዝገብ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆናቸው ነው። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የይዞታ ምዝገባ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ እንዲወጣ ተደርጎአል። በዚህ ደብተር ሁለቱም ባለይዞታዎች ናቸው። የእርሻ ናሙና ጥናት ግን ባለይዞታ የሚለው የእርሻውን አመራር የሚይዘውንና ስለ ሀብቱ ዋናውን ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው ነው፤ ባል ባለበት ቤት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ባል ነው። የሠራተኛ ጥናትም በተራው ሚስቲቱን ክፍያ የሌላት የቤተሰብ ሠራተኛ ይላታል። በ1993 የጸደቀው የሠራተኞች አከፋፈል «ክፍያ የሌለው» የሚለውን ትቶ «አጋዥ የቤተሰብ ሠራተኛ» የሚል ስም ሰጥቶአል፤ ነገር ግን አጋዥ የሚባለው እንደ ሸሪክ የማይታየው ነው ብሎ አክሎአል። እንግዲህ ፎቶግራፍዋ በደብተሩ ላይ ያለ፥ ፊርማዋ ሳይኖር መሬቱ የማይከራይ ሴት ሸሪክ ናት ወይስ አጋዥ? ደብተሩ ሸሪክ ይላታል። ባልና ሚስት ተጣልተው በፍርድ ቤት ሀብት በሚካፈሉበት ቀን የሚከበረው ደብተሩ ነው፤ የሥልጠና ጥሪ በሚላክበት ቀን የሚታየው ግን ሌላኛው መዝገብ ነው።

ባል የሌላት ሴት ነገር ደግሞ የተገለበጠ ነው። በሬ ጠምዳ ማረስ በልማድ ስለ ተከለከለች መሬትዋን በእኩል ወይም በሢሶ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። በመዝገብ ባለይዞታ ተብላ ትጻፋለች፤ ከምርቱ ግን እኩሌታው በአራሹ ጎተራ ይገባል። በሚስትነትዋ ጊዜ ስትሠራ አልተጻፈችም፤ በመበለትነትዋ ጊዜ የጐደለባትን ምርት ይዛ ተጻፈች።

እነዚህ ስሕተቶች በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀሩ ቢሆኑ ኖሮ ብዙ ነገር ባላስፈለገ ነበር። በፎገራ ሩዝ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቀድሞ በከብት የታወቀው ሜዳ የሩዝ አገር ሆነ። ሩዝ ከጤፍም ይልቅ አረም የሚበዛበት ነው። ስለ አረም አስተራረምና ስለ መድኀኒቱ የሚሰጠው ትምህርት ለባለይዞታው ሲሰጥ ትምህርቱ የሚደርሰው ጥቂቱን ብቻ ለሚያርመው ሰው ነው፤ ዋናይቱ አራሚ ሳትሰማ ትቀራለች። በሌላ ወገን ደግሞ በመዝገብ «የቤት እመቤት» የተባሉትን ሁሉ እንደ ትርፍ እጅ አድርጎ የሚያስብ ዕቅድ አለ። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። መስኖ በመጣበት አገር በጋው ሁለተኛ ክረምት ይሆናል። ነገር ግን በጋው በገበሬ ቤት ባዶ ጊዜ አልነበረም፤ ጥጥ የሚፈተልበት፥ ጎታ የሚበጅበት፥ ኩበት የሚጠፈጠፍበት፥ ለሠርግና ለተዝካር ድግስ የሚደገስበት ነበር። ለመስኖ የሚያስፈልገውን እጅ ያሰላ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ጊዜ እንደሚያወጣው ካላሰበ ሽንኵርቱ ይተከልና ሳይታረም ይቀራል፤ ወይም ልጃገረዲቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

የደቦም ነገር ከዚህ ጋር መታየት አለበት። ደቦ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ አይሰበሰብም። አርሶ አደሩ ዐሥር ሰው በቀን ሙያተኛነት ቀጥሮ ቢሆን ኖሮ የከፈለው ብር ከእርሻው ወጪ ይገባ ነበር፤ ለደቦው የቀረበው ምግብም የነዚያ ሰዎች ደመወዝ ነው። ስለዚህ ለደቦ የሚጋገረው እንጀራ ለቤት ከሚጋገረው ተለይቶ ከእርሻው ሥራ ቢቈጠር ትክክል ይሆናል።

በፈረንጆች 2013 የተደረገው ዐሥራ ዘጠነኛው ጉባኤ የሥራን ትርጓሜ ከሥር ለወጠው። ለሌላ ሰው ወይም ለራስ ጥቅም ዕቃ ለማምረት ወይም አገልግሎት ለመስጠት የሚደረግ ነገር ሁሉ ሥራ ነው አለ። በዚህም ምጣዱና ልጅ ማሳደጉ፥ ውሃውና ማገዶው ሁሉ ሥራ ሆነ። ነገር ግን ቅጥር ወይም መተዳደሪያ የተባለው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚደረገው ብቻ ነው፤ ለራስ ፍጆታ የሚደረገው በሌላ ዓምድ ይጻፋል። ይህ ውሳኔ ያላሰበው ሰው ዘንድ ድንጋጤ ያመጣል። ጤፉን ለቤቱ ብቻ የሚያርሰው የደምቢያ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ወደ አንድ ዓምድ ይገባልና። ሩዙን በብዛት ለወረታ ነጋዴ የሚሸጠው የፎገራ ገበሬና ሚስቱ ግን መተዳደሪያ ካላቸው ወገን ይቈጠራሉ። ስለዚህ የመተዳደሪያውን ዓምድ ብቻ ቈርጦ የሚልክ ወረዳ ብዙ ገበሬ ሥራ ፈታ የሚል ወሬ ሊያስነሣ ይችላል፤ ሁለቱ ዓምዶች አብረው ካልተላኩ አዲሱ ትርጓሜ ከአሮጌው የባሰ ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሰዎች የሃያ አራት ሰዓት ውሎአቸውን እንዲናገሩ ያደረገ በመሆኑ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ነው፤ በቤት ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያሳልፉም አሳይቶአል።

ወደ ቀበሌ የሚወርደው ጸሓፊ ትርጓሜውን ለመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ አጠያየቁን ለማስተካከል ግን ይችላል። ስለ ሚስቲቱ ሥራ ባልዋን ሳይሆን ራስዋን ይጠይቅ፤ እርስዋ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እንደ ሆነ ተመልሶ ይምጣ። «ሥራ አለሽ ወይ» ብሎ አይጀምር፤ ይልቁንም «ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ ጀምረሽ ንገሪኝ፤ አርመሻል፥ አጭደሻል፥ ጌሾ ቀንጥሰሻል፥ ዶሮ ሸጠሻል፥ ጠላ ጠምቀሻል ወይ» ብሎ በየስሙ ይጠይቅ። ጠላው ለሽያጭ፥ ለደቦ ወይም ለቤት እንደ ሆነ ለይቶ ይጻፍ። አማት ወይም ያደገች ልጅ በቤት ካለች እርስዋም በስምዋ ትጠየቅ፤ የብዙ ቤት ወፍጮና ማገዶ የተጫነው በእነርሱ ላይ ነውና። በደብተሩ ላይ ሁለት ስም ያለበት ቤት በእርሻ ጥናቱ ቅጽ ላይ አንድ ስም ብቻ የወጣለት እንደ ሆነ ምክንያቱ በኅዳግ ይመልከት። በቅጹም ራስ ላይ የተጠየቀበት ወርና ቀን፥ ያ ሳምንትም የአረም ወይም የአጨዳ ወይም የበዓል ሳምንት መሆኑ ይጻፍ፤ ያለዚያ የነሐሴውን የፎገራ ቍጥር ከመጋቢቱ የዘጌ ቍጥር ጋር ማስተያየት አይቻልም።